ሦስት ማርሚታ ለአንዲት ማሊቡ

«ይሄ መኪና ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?»

ባለቤቴ እንዲህ ያለችኝ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ለቅዳሴ ልንሄድ ነጠላችንን ለብሰን ወጥተናል። መኪናዋን አስነሳሁ። የጎረቤት መስኮት መብራት በራ። ቀጥሎ ሁለተኛው። የማዶው ውሻ መጮህ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ደግሞ አንድ ዲያቆን በር ላይ ወጥቶ ምን መጣ ብሎ ሲያይ አገኘነው። በዚያ ሳምንት ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ፣ ፍለጋ ጀመርኩ። ፍለጋው ሁለት ዓመት ይፈጃል ብዬ አላሰብኩም።

መኪናዋ የ1969 ሼቭሮሌት ማሊቡ ናት፣ ከሼቬል ወገን። ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ በለመድነው ልክ 5.7 ሊትር። ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ። ለጉልበተኞቹ የሚለጠፈው ኤስኤስ የሚል ምልክት የላትም፤ እኔም ለጥፌ ላስመስላት አልሞከርኩም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለ11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ድምፅ በሌለው መኪና ስለዞርኩ ይመስለኛል፣ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ይህችን ሲሸጥ ድምፅዋን ሰምቼ ዋጋ እንኳ በደንብ አልተከራከርኩም።

ማርሚታ የምለው አዲስ አበባ ስላደግኩ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያልን ነው ያደግነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች «መፍለር» ይላሉ። ማርሚታ በጣሊያንኛ መጀመሪያ ድስት ማለት እንደነበር ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ደስ አለኝ። ነገሩ እውነትም ድስት ነው። ከውጭ ሁሉም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ውስጡ የገባው ነገር ነው። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ድስት ቀምሻለሁ።

የመጀመሪያው ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው። እዚህ አገር ግላስፓክ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ዙሪያውን የመስታወት ጭረት እንደ ጥጥ ተጠቅልሎበት፣ ከላይ ክብ ቆርቆሮ። ከዚህ ዓይነት በስም የገነነው ከ1968 ጀምሮ የሚሸጠው ቀዩ ቼሪ ቦምብ ነው። ርካሽ ነው፤ ለጭሱም መንገድ አይዘጋም። አንድ ጠባይ ግን አለው። ያ የመስታወት ጥጥ በሙቀትና በግፊት ጊዜ በቆየ ቁጥር እየተቃጠለ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ዛሬ የሚጥምህ ድምፅ ከሦስት ዓመት በኋላ አብሮህ አይኖርም፤ ጮሆ ጮሆ ባዶ ቱቦ ይሆናል። የእኔዎቹን አስወልቄ ሳያቸው ውስጣቸው ምንም አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ እሱ ነው።

ዝገቱንም እዚያው አየሁት። ሰው ማርሚታን የሚበላው የመንገድ ጨው ብቻ ይመስለዋል። ጨውም ይበላዋል፤ ግን ከውስጥ የሚበላው ውሃ ነው። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ጋሎን የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ ከሄድክ በእንፋሎት ይወጣል። እንደኔ እሑድ እሑድ አሥር ደቂቃ ነድተህ ካቆምካት እዚያው ድስቱ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ጥቂት የምትነዳ መኪና ብዙ ከምትነዳው ቀድማ ማርሚታዋ ይበሳል። ታክሲዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ድስት ላይ ተታለልኩ። ያታለለኝ ሰው አይደለም፣ ራሴ ነኝ።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ። ሁሉም አንድ ነው። አንዱ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ ከኋላ ስልክ ይደግናል፣ ሌላው ቤንዚን ይረግጣል። በዚያ መልክ ስትሰማው ባለ ሁለት ክፍሉ ሳጥን ማርሚታ ከሁሉም ይበልጣል። በውስጡ ጥጥ የለውም። ብረት ግድግዳዎች ናቸው ያሉት፤ ድምፁ እየተጋጨ ይዳከማል። ቆሞ ሲያጉረመርም ሆድ ውስጥ ይገባል። ገዛሁ። የምርቱን ስም ልተወው፤ በዚህ አሠራር የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ ጥፋቱም የእኔ ምርጫ ነው።

ያስገጠምኩት ከቤቴ ብዙ የማይርቅ አንድ ማርሚታ ቤት ነው። ስሙ ይቅር። ሁለት ነገር አበላሹብኝ። አንደኛ፣ ቱቦውን በማሽን ጨምቀው አጠፉት። እንዲህ ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ይጨማደድና ይጠባል። ለ2.5 ኢንች ቱቦ ከፍዬ መታጠፊያው ላይ ከዚያ ያነሰ አገኘሁ። ደህና ቱቦ ሲታጠፍ ከውስጥ ደጋፊ ብረት ይገባለታል፤ ማንድሬል የሚሉት ይህ ነው። ስፋቱ ዳር እስከ ዳር አይለወጥም። ይህን ሳትጠይቅ ቁልፍህን አታስረክብ። ሁለተኛው ይብሳል። የኋላውን ቱቦ ከአክሱ በላይ አሳልፈው እስከ ፓራውልቱ መውሰድ ሲገባቸው፣ ከአክሱ በፊት ቆርጠው ወደ መሬት አዞሩት። «ድምፁ ያምርልሃል» አሉኝ። ሥራ ለማሳጠር እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ወዳሉት የአበሻ ካፌዎች ነድቼ ሄድኩ። ማኪያቶ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባልዋሽ፣ ሁለቴ ዞርኩ።

በማግስቱ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ሸናንዶዋ ተራራ ወጣን። አውራ ጎዳናው ላይ በሰዓት 60 ማይል ስደርስ መኪናው ውስጥ አንድ ጉምታ ሞላ። ጩኸት ብትሉት አይደለም። ጆሮህን የሚጫን እምምም የሚል ነገር ነው። እዚህ «ድሮን» ይሉታል። በ60 ማይል ሞተሬ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ በሰከንድ 160 ምት። ያ ምት ከቱቦው ርዝመትና ከመኪናው ሆድ ጋር ከገጠመ መኪናው በሙሉ ከበሮ ይሆናል፤ አንተም ከበሮው ውስጥ ነህ። 50 ማይል ላይ የለም። 70 ላይ ይቀንሳል። ሕጋዊው ፍጥነት ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ባለቤቴ እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ብትናገርም አልሰማትም ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ «አባዬ ራሴን አመመኝ፣ ያቅለሸልሸኛል» አለችኝ። ተራራው ነው ብዬ አለፍኩት። ስንመለስም እንደዚያው። ጋራዥ ያላቸው ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ፤ መኪናዋን ዙሪያዋን ሳይሆን የዕቃ መጫኛውን ከፍተው ነው ያዩት። የበሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወለሉ ላይ ሁለት የዝገት ቀዳዳ አለ። ጭሱ ደግሞ ከሥሩ ነው የሚወጣው። መስኮት ስንከፍት አየሩ ከኋላ ስቦ ያስገባዋል። «ልጅህን በከሰል ጭስ ነው የያዝካት» አሉኝ። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያደርግ ለአበሻ መንገር አያስፈልግም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በዚያ ላይ በእነዚህ መኪኖች ላይ መርዛሙን ጭስ የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የለም። እሱ በብዛት የመጣው ከ1975 ወዲህ ነው። ስለዚህ ማርሚታ ከመምረጥህ በፊት የኋላ በርህን ጎማ ቀይር፣ ወለልህን ድፈን። ከማርሚታው በጣም ይረክሳል። ልጄን ለሁለት ወር ያህል በዚያች መኪና አላሳፈርኳትም።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ማየት ተውኩ። ሰው መኪና ውስጥ መግባት ጀመርኩ።

ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ካርላይል የምትባል ከተማ አለች። በየዓመቱ የድሮ መኪና ገበያና ትርኢት ይካሄድባታል። ከቤቴ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የእኔ ታርጋ አንቲክ የሚባለው ነው፤ ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው መኪና ይሰጠዋል። ለመዝናናት ከቤትህ እስከ 250 ማይል ድረስ መንዳት ይፈቅዳል። ካርላይል እዚያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ባለ መኪናዎቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ «መስኮት ዘግተን 60 ማይል ላይ ልስማት?» አሜሪካዊ ስለ መኪናው ከጠየቅከው ቁርስህንም ያበላሃል። አምስት መኪና ውስጥ ገባሁ።

እዚያ ነው ሆዴ የሚወደው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ። የሼቭሮሌት ስምንት ሲሊንደር የሚተኩሰው በ1-8-4-3-6-5-7-2 ተራ ነው። ጎደሎ ቁጥሮቹ በግራ፣ ሙሉዎቹ በቀኝ ናቸው። ስለዚህ በጎን ስትቆጥረው ግራ፣ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ግራ፣ ቀኝ ይሆናል። እስኪ በሁለት እጃችሁ ጭናችሁን እየመታችሁ ሞክሩት። እኩል አይሄድም። ያነክሳል፣ መልሶ ይደርሳል። አንድ እስክስታ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ትከሻው ይነቃል። የማስል መኪና፣ የእነዚህ ባለ ትልቅ ሞተር የድሮ የአሜሪካ መኪኖች፣ ድምፅ ማለት ይህ ማነከስ ነው። ሁለቱን ጎን ለየብቻ እስከ ኋላ ከወሰድክ ማነከሱ በሙሉ ይሰማል። ግራና ቀኙን መሐል ላይ ካገናኘህ ይለሰልሳል።

ማገናኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል አንድ ድልድይ ያደርጋል፤ በላቲን ፊደል «ኤች» ይመስላል። ሌላው ሁለቱን አጠላልፎ ያሳልፋል፤ እሱ «ኤክስ» ነው። ኤክሱ ጭሱን ይበልጥ ስለሚቀላቅል ድምፁ ቀጠን፣ ፈጠን ይላል። ለጆሮዬ መለከት ነው። ኤቹ ወፍራሙን ያስቀራል፣ ጉምታውን ግን ይቀንሳል። እሱ በገና ነው። እኔ የበገና ሰው ነኝ። ልጅ ብሆን ሌላውን እመርጥ ይሆናል።

ከአምስቱ መኪኖች አንዱ ፍሎማስተር የሚባለውን ባለ ሦስት ክፍል ማርሚታ የገጠመ ሼቬል ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጨዋ ነው፤ ከእኔው ባለ ሁለት ክፍል ጋር አይወዳደርም። አንዱ ቦርላ ነበረው። ማማሩ ያማረ ነው፣ ሙሉ አይዝጌ ብረት። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን አመስግኜ ወረድኩ። ሌላው «ተርቦ» የሚሉት ርካሹ ማርሚታ ነው፤ ቱቦው ውስጡ እንደ እባብ ተጠማዞ ይመለሳል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተር የሚገፋው መሣሪያ፣ ለተገጠመለት ሞተር የተሠራ እንዳይመስላችሁ። በ60ዎቹ ሼቭሮሌት ኮርቬር የምትባል መኪናው ላይ ተርቦ ገጥሞ ነበር፤ የዚያችን ማርሚታ ወጣቶች እየገዙ በየመኪናቸው አሠሩት፤ ስሙ ቀረ። ገንዘብ ካጠረህና ጸጥታ ከፈለግክ ተርቦው አያሳፍርም። አምስተኛው የ1970 ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ባለቤቱ አንድ ነገር አጫወተኝ። በዚያ ዓመት ፖንቲያክ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሳብ እጀታ ያወጣ ነበር። ስትስበው ማርሚታው ይከፈታል፣ ስትመልሰው ይዘጋል። ጄኔራል ሞተርስ ወዲያው አስቆመው። የእሱ መኪና የላትም። የእኔም። እሑድ ጠዋት ዘግቼ ከሰዓት በኋላ ብከፍተው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አራተኛው መኪና ላይ የሰማሁትን ነው የገዛሁት፤ ማግናፍሎው። አሠራሩ ከመጀመሪያው ድስቴ ጋር ዘመድ ነው። ቀጥ ያለ ቀዳዳ ቱቦ ነው። ልዩነቱ ቱቦውን መጀመሪያ የአይዝጌ ብረት ሱፍ ይጠቀልለዋል፤ ሌላው ማሸጊያ ከሱ ውጭ ነው። እሳቱ ቶሎ አያገኘውም። ሳጥኑም አይዝጌ ነው። ሞላላውን፣ 5 በ8 ኢንች የሆነውን ወሰድኩ። ርዝመቱ 14ም 18ም አለ። 18ቱን አዘዝኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ዓይነት ማርሚታ ላይ ድምፅ የሚወስነው ርዝመት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ አራት ኢንች ሲያጥር ሌላ መኪና ነው የሚሆነው። «ማግናፍሎው ጮኸብኝ» የሚል ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ርዝመቱን ጠይቁት።

ቱቦው 2.5 ኢንች፣ በማንድሬል የታጠፈ፣ ከነኤቹ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። 3 ኢንች እንዳደርግ የመከሩኝ ነበሩ። ጋሼ ደግሞ በተቃራኒው «ሞተር ከኋላ ግፊት ካልተቃወመው አቅም ያጣል» ይላሉ። ከሳቸው ጋር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራከርን። ሞተር ግፊት አይፈልግም። የሚፈልገው ጭሱ በፍጥነት እንዲወጣና የሚቀጥለውን ስቦ እንዲያወጣ ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዝላል፤ በዝቅተኛ ዙር መኪናው ይደክማል። ሰዎች ይህን አይተው ነው ግፊት ጎደለ የሚሉት። ለእኔ ዓይነቱ ያልተነካ 350 ሞተር 2.5 ይበቃል፣ ይተርፋልም። ጋሼ አልተቀበሉኝም። ቡና ግን አብረን ጠጣን።

ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን የፋብሪካውን የብረት ማኒፎልድ አልቀየርኩም። በሱ ፈንታ የሚገባው፣ ሄደር የሚባለው ረጃጅም ቱቦ አቅም ይጨምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ጓርኒሲዮኑ ቶሎ ያፈሳል፣ ሙቀቱ ሞተሪኖውን ያሠቃያል፣ ካንዴላ ለመፍታት እጅህን ትጠበሳለህ። ውድድር አልሄድም። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ። በቀኙ ማኒፎልድ መውጫ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ የሚዘጋ ትንሽ ክዳን አለ። የእኔው ዝጎ ግማሽ ተዘግቶ ነበር የተገኘው። የቀኙ ጭራ ለምን እንደሚያፍን ለወራት ስጠይቅ የኖርኩት ለዚህ ነው። ስታስሩትም የናስ ዳዶ ተጠቀሙ። የብረቱ ዳዶ ከቡሎኑ ጋር ይዝግና የዛሬ አምስት ዓመት በእሳት ነው የሚፈታው።

ብረቱን በተመለከተ፣ 304 የሚባለው አይዝጌ እንዳበራ ይኖራል። 409 የሚባለው ላዩ ላይ ቡናማ ይሆናል እንጂ በቀላሉ አይበሳም። ማግኔት ይዘህ ሂድ። 409 ላይ ይጣበቃል፣ 304 ላይ አይጣበቅም። አንድ ሻጭ 304 ነው ሲለኝ ማግኔቴን አውጥቼ አስጠጋሁበት፤ ተጣበቀ። ሁለታችንም ዝም አልን። ለቱቦው 409ን ወሰድኩ፤ ከሥር ማን ያየዋል?

ማርሚታዎቹ፣ ቱቦው፣ ማንጠልጠያው፣ ሁሉም ተደምሮ 1,000 ዶላር አለፈኝ። ገጠማውን ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ራሳችን ሠራነው፤ ብየዳው የሳቸው ነው። ጭራው አሁን ከአክሱ በላይ አልፎ ከፓራውልቱ ኋላ ይወጣል።

ድምፁስ? ስትነሳ አንዴ ታገሳና ትረጋጋለች። ቆማ ድም፣ ድም ድም ትላለች፤ ማነከሱ አለ። 60 ማይል ላይ ከባለቤቴ ጋር ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ እናወራለን። ጉምታው ፈጽሞ አልጠፋም። ዳገት ላይ ቤንዚን ስጨምር ትንሽ ይመጣል፣ ያልፋል። ባለ ሁለት ክፍሉ ቆሞ የሚያሰማው ያ ሆድ የሚነካ ማጉረምረም ግን የለም። አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ስካይላይን ካፌ በር ላይ አሁን የሚዞር ሰው የለም። ሲናፍቀኝ ዋሽንግተን መሐል ባለው የሦስተኛው ጎዳና መሿለኪያ እሄዳለሁ። ማታ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ማርሽ ቀንሼ። ግድግዳው የቀረውን ይጨምርልኛል።

ልጄ የኋላ ወንበሯ ላይ ተመልሳለች። ባለፈው ከማናሳስ ስንመጣ ተኝታ ነው የደረሰችው። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ወደ ኋላ ስነዳ የግራው ጭራ ሻንሲውን ቶክ ያደርጋል። ማንጠልጠያውን አጥብቀን ስላሰርነው ነው፤ ሞተር ሲወዛወዝ ቱቦው የሚሄድበት ቦታ አልተውንለትም። ቅዳሜ ክሪኩን ይዤ ሥሯ እገባለሁ።